አባቴን ለፈለጋችሁትና ላሳከማችሁት ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን

ይህን የምጽፈው በቤተሰባችን ስም ነው። አባቴም አንብቦት «ይሁን፣ ለጥፊው» ብሏል።

በዘመን መለወጫ ዋዜማ እዚህ አዳማ ርችት ሲተኮስ አባቴ አልጋ ሥር ገባ። እናቴ ልታወጣው ስትታገል በባዶ እግሩ ወጥቶ ጠፋ። የሰፈራችን ልጆች፣ በዓላችሁን ትታችሁ፣ ባትሪ ይዛችሁ ሌሊቱን ሙሉ ቦይ ለቦይ ስትፈልጉ አድራችኋል። እደጉልን። በወንጂ መንገድ ከሸንኮራ አገዳው ዳር አግኝተህ ያመጣኸው ባለባጃጅ ደግሞ ሂሳብ አልቀበልም ብለህ፣ ስምህን እንኳ ሳትነግረን ሄድክ። ቤቱን ታውቀዋለህ፤ ና፣ ቡና እንጠጣ።

አባቴ በ1977 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ሲታፈስ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ወጣትነቱ ኤርትራ፣ ናቅፋ ምሽግ ውስጥ አለቀ። መጋቢት 1980 አፍአበት ላይ ናደው ዕዝ የሚባለው የደርግ ጦር ሲደመሰስ ተረፈ። በ1983 ሠራዊቱ ሲፈርስ በእግሩ ሱዳን ገባ። ያኔ ከአራት መቶ ሺህ በላይ ወታደር ነው የተበተነው። በሬና ዘር የደረሰው ደረሰው። እንቅልፍ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። የተሸነፈ ጦር ወታደርን ማን ይጠይቃል?

እኛም «አባባ ቁጡ ነው» እያልን አደግን። ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። ሌሊት መቀስቀስ ካለበት በር ላይ ቆመን በስሙ እንጠራዋለን እንጂ አንነካውም። የነካውን ሰው ሳይነቃ አንገቱን ያንቃል። እናቴ ይህን በራሷ አንገት ነው ያወቀችው። መጠጡን ልለፈው።

ሲስተር፣ ሌላ ቦታ «ስካር ነው» ብለው መልሰውን ነበር። አንቺ ግን መጀመሪያ «አባቴ፣ የት ግንባር ነበሩ?» አልሽው። ያን ዕለት እናቴ እንኳ ሰምታው የማታውቀውን፣ አጠገቡ የወደቀውን የጓደኛውን ስም ጠራ። ጦርነቱ ቢያልቅም አእምሮው ገና ዘብ ላይ እንደሆነ ያስረዳሽን አንቺ ነሽ። መድኃኒቱ ሳምንታት ሳይወሰድ ለውጥ አያሳይም ብለሽ ባታስጠነቅቂን ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት እንተወው ነበር።

የንስሐ አባታችን፣ ዘመድ ሁሉ «ክኒኑን ትቶ ይጠመቅ» ሲል «ጸበሉንም መድኃኒቱንም» ብለው ገላገሉን። ዕድርተኞች፣ ደንቡ ለሞተ ነው የሚለው፤ እናንተ ለቁም ሰው ሕክምና አዋጣችሁ። ደንቡ ይሻሻል ብዬ ሐሳብ ላቀርብ ነው!

አልዳነም። ክትትል ላይ ነው፤ መጥፎ ሌሊትም አለው። ግን መጠጡን ትቷል፣ ጫማውንም ማውለቅ ጀምሯል።

በመጨረሻ ለድሮ ጓዶቹ። ከደሴም ከሐዋሳም እየደወላችሁ ስለዚያ ምሽግ ስታወሩ ትስቃላችሁ። ምኑ እንደሚያስቃችሁ እስካሁን አልገባኝም። እሱ ግን ከእናንተ ጋር ካወራ በኋላ እራቱን በደንብ ይበላል። ካርድ ካለቀባችሁ ሚስኮል አድርጉልን፣ እኛ እንደውላለን።