አሰልጣኙን ከማሰናበታችሁ በፊት

ድሬዳዋ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናትሽ ከሙቀቱ በስተቀር የምታማርረው ነገር የለም፤ ናፍቆትሽ ግን እያደር ብሶባታል።

ስለ ክለባችሁ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። ቡድኑ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ገብቷል፤ ቦርዱ ሐሙስ ይሰበሰባል፤ አብዛኞቹ አባላት አሰልጣኙ ይሰናበት ባይ ናቸው፤ አንቺ ደግሞ በሙሉ ልብ እጅሽን ለማውጣት ተቸግረሻል። በዕድሜም በቆይታም የቦርዱ ትንሿ አባል በመሆንሽ ከብዙኃኑ ጋር ዝም ብሎ መሄድ እንደሚቀልልሽ ይገባኛል። እኔ ግን የሚሰማኝን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፦ አሁን፣ በዚህ ሁኔታ፣ አታሰናብቱት።

በመጀመሪያ ሰዉ ለምን አሰልጣኙ ላይ እንደሚረባረብ አስቢ። ቡድን ሲሸነፍ ደጋፊ የሚጠየቅ ሰው ይፈልጋል። ሃያ አምስት ተጫዋች በአንድ ቀን ማባረር አይቻልም፤ ክረምት ላይ ያለ በቂ ጥናት ተጫዋች ያስፈረመው ኃላፊም ተነስቶ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አይልም። አሰልጣኙን ማሰናበት ግን በአንድ ገጽ ደብዳቤ ያልቃል፤ ለደጋፊውም አንድ ሥራ የተሠራ ይመስለዋል። ደብዳቤው ተከላካይ አያመጣም፤ ጎልም አያገባም።

ሌስተር ሲቲን ታነሺብኝ ይሆናል። ክላውዲዮ ራኒዬሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ማንም ያልጠበቀውን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አንስቶ፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በፌብሩዋሪ 2017 ተሰናበተ። ምክትሉ ክሬግ ሼክስፒር ሲረከብ ቡድኑ ከወራጅ ቀጠናው አፋፍ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያ አምስት የሊግ ጨዋታዎቹን በተከታታይ አሸንፎ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። ስንብትን የሚደግፍ ሁሉ ይህንን ይጠቅሳል፤ እውነትም ቡድኑ ተርፏል። ነገር ግን ሼክስፒር የተረከበው ማንን ነበር? ከወራት በፊት ሻምፒዮን የሆኑትን ጄሚ ቫርዲን፣ ሪያድ ማሕሬዝን፣ ካስፐር ሽማይክልን ነው። ችሎታው ከቡድኑ ውስጥ አልወጣም ነበር። ለዚያውም እሱ ራሱ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ተሰናበተ። እናንተ ዘንድ ቫርዲን የሚሆን አጥቂ አለ ወይ? መልሱን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ባስ ተር ዊል የተባለ የኔዘርላንድ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ የአገሩን ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 ድረስ መርምሮ ነበር። አሰልጣኝ ያሰናበቱ ቡድኖች ውጤታቸው ከስንብቱ በኋላ ይሻሻላል። ይህን ብቻ ያየ ሰው መድኃኒቱ ተገኘ ይላል። ተመራማሪው ግን በተመሳሳይ ውድቀት ውስጥ ገብተው አሰልጣኛቸውን ያላሰናበቱትንም ጎን ለጎን አስቀምጦ አያቸው፤ እነሱም እንደዚያው አገገሙ። ምክንያቱን ለመረዳት ምሁር መሆን አያስፈልግም። አሰልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ከእውነተኛ አቅሙ በታች በወረደበት ሰሞን ነው፦ ሁለት ተከላካዮች በአንድ ሳምንት ሲጎዱ፣ ኳስ ብረት እየመታች ስትመለስ፣ ከመሪዎቹ ጋር በተከታታይ ሲገጥም። ያ ሰሞን ሲያልፍ ማንም መጣ ማን ቡድኑ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ምስጋናው ግን ለአዲሱ ሰው ይሰጣል።

ጥቂት ጨዋታ ምን ያህል እንደሚያሳስት እኛው ከተማ ውስጥ አይተናል። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ ድሬዳዋ ላይ ሲካሄድ ዛየር፣ የዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ የዋንጫው ባለቤት ሆና ነበር የመጣችው። በናይጄሪያና በሞሮኮ ተሸነፈች፣ ከሱዳን ጋር አቻ ወጣች፣ የምድቡ መጨረሻ ሆና ሄደች። የአህጉሩ ቁንጮ እንዲህ ከሆነ፣ የእናንተ ቡድን በአንድ ወር ውጤት የሚፈረድበት ለምንድን ነው?

የእንግሊዙ ክለብ የበርንሌይ ነገር ደግሞ ለእናንተ ይበልጥ ይቀርባል። አሰልጣኙ ሾን ዳይች በሥራው ላይ አሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ስምንት ጨዋታዎች እየቀሩ አሰናበቱት። ጊዜያዊው አሰልጣኝ ማይክ ጃክሰን በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች 10 ነጥብ ሰበሰበ። በቀሩት አራት ያገኘው 1 ነጥብ ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ቀን ወረዱ። ይኸው ክለብ እ.ኤ.አ. በ2015 ወርዶ ሳለ ያንኑ ዳይችን አላባረረውም ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት የሁለተኛው ሊግ ሻምፒዮን ሆኖ ተመለሰ። መውረድ መራራ ነው፤ ነገር ግን አሰልጣኙን፣ ሥርዓቱንና ወጣቶቹን ይዞ የወረደ ክለብ የሚመለስበት መንገድ አለው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። የእኛው ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ፣ ድሬም አስተናጋጅ ስትሆን፣ እንግዳ ቡድኖች ሲለማመዱ ቆሜ ማየት እወዳለሁ። አንድ ጧት ሙቀቱ ሳይበረታ ሄጄ ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም። አሰልጣኙ ሜዳው መሐል ምልክቶቹን ደርድሮ ፊሽካውን ይዞ ቆሟል። ተጫዋቾቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ጫማቸውን ያላሰሩ ብዙ ናቸው። ግብ ጠባቂው ጓንቱን ጭኑ ላይ አድርጎ በስልክ የቤት አከራዩን "እባክዎ እስከ ወሩ መጨረሻ ይታገሡኝ፣ ልጆቹን አያስወጡብኝ" እያለ ይለምናል። ደመወዝ ከተከፈላቸው ወራት ማለፋቸውን ከአጠገቤ የቆመው የቡድኑ ወጌሻ ነገረኝ። አሰልጣኙ ፊሽካውን ሳይነፋ ኪሱ ከተተውና አብሯቸው ሄዶ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ "በውጤት ማጣት" ተሰናበተ ሲባል ሰማሁ። አዲሱ ሰው የተረከበው ያንኑ ግብ ጠባቂ፣ ያንኑ ዕዳ ነው። ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ እኔን ያናድደኛል፣ አንቺንም ሊያናድድሽ ይገባል።

አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት ከሕዝብ በጀት ነው። የተሰናበተ አሰልጣኝ ውሉ ካላለቀ ካሳ ይጠይቃል፤ አዲሱም የፊርማና የወር ደመወዝ ይፈልጋል። ለሁለት አሰልጣኝ የሚወጣው ገንዘብ የተጫዋቾቹን ውዝፍ ይከፍል እንደሆነ የሒሳብ ክፍሉን ጠይቂ፤ አሃዙን በወረቀት ይዘሽ ግቢ። ሒሳብ የተማርሽው ለዚህ ነው።

ማሰናበት ፈጽሞ አይገባም አልልም። ተጫዋቾቹ ደመወዛቸው ተከፍሏቸው፣ ጤነኛ ሆነው፣ አሰልጣኙን ግን መስማት ካቆሙ፣ መልበሻ ክፍሉ ለሁለት ከተከፈለ፣ ያኔ ማቆየት ጭካኔ ነው፤ ለእሱም ጭምር። ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። የእንግሊዙ ክለብ ዎልቭስ እ.ኤ.አ. በ2022 አሰልጣኝ ጁለን ሎፔቴጊን ያመጡት ሊጉ ለዓለም ዋንጫ ሊቋረጥ ሲል ነበር። ልምምድ የሚያሠራበት ዕረፍት አገኘ፤ በጃንዋሪ የዝውውር መስኮትም እነማቴዎስ ኩንሃን አስፈረሙለት። የፈረንጆች ገና ሲከበር የሊጉ መጨረሻ የነበረ ቡድን 13ኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያው የውድድር ዘመን ሊድስ ስንት ቡድን ከመውረድ ያተረፈውን ሳም አላርዳይስን አራት ጨዋታ ሲቀር ጠራው። 1 ነጥብ አግኝቶ ወረደ። ልምድ ያለው ሰው እንኳ ጊዜና ተጫዋች ካልሰጡት ምን ያደርጋል?

በዚያው ዓመት ኖቲንግሃም ፎረስት መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ሳለ አሰልጣኙን ስቲቭ ኩፐርን ያባርረዋል ሲባል ውሉን አደሰለት፤ 16ኛ ሆኖ ተረፈ። እንዲህ ያለ ድፍረት ከቦርድ ሲመጣ ተጫዋቹም የሚሸሽበት ሰበብ ያጣል።

ስለዚህ ሐሙስ ከድምፁ በፊት እንዲመለስ የምትጠይቂው ይህ ይሁን፦ ውዝፉ መቼ ይከፈላል? የሚተካው ሰው ማን ነው፣ ተነጋግራችኋል ወይስ ካባረራችሁ በኋላ ልትፈልጉ ነው? የዝውውሩ መስኮት እስኪዘጋ ምን ያህል ቀን ቀረ? አምበሉና ነባር ተጫዋቾቹ ተጠይቀዋል ወይ? መልስ ካልተገኘ ስብሰባው ለሁለት ሳምንት እንዲተላለፍ ሐሳብ አቅርቢ፤ ተቃውሞሽም በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ተሸንፈሽ አሰናብተውት ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ካሳውን ሳያንገላቱ እንዲከፍሉት ታገዪ፤ እሱም የሚያሳድገው ልጅ አለው።

ሐሙስ ማታ፣ ቢመሽም፣ ደውይልኝ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታልሻለች፤ በሚመጣው ሰው እንልካለን።

አባትሽ