የግራፊክስ «አብዮት» ሲታወጅ ሂሳቡም ይጠየቅ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

አንድ ኩባንያ የኮምፒውተር ግራፊክስን ከሥሩ የሚለውጥ የሬንደሪንግ (ምስልን በኮምፒውተር አስልቶ የማውጣት) ዘዴ ማግኘቱን የሚገልጸውን፣ ሰሞኑን በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የወጣውን ዘገባ በጥሞና አነበብኩት። ዘገባው ኩባንያው የተናገረውን ሁሉ ሳያጎድል አስፍሯል፤ ማሳያው በየትኛው ግራፊክስ ካርድ ላይ እንደተሠራ፣ አንዱን ፍሬም (በስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ከሚታዩት ምስሎች አንዱን) ለማውጣት ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀና ምን ያህል ሜሞሪ እንደወሰደ ግን አንድም ቦታ አልጠቀሰም። ኩባንያው ዋሽቷል ለማለት አልደፍርም። እውነቱን ተናግሯል ለማለትም የሚያበቃ ነገር በዘገባው ውስጥ አላገኘሁም።

በዚህ ሙያ ውስጥ ሁሉም ነገር የሚለካው በጊዜ ነው። ምስሉ በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲታይ ከተፈለገ ለአንድ ፍሬም የሚደርሰው ከ17 ሚሊሰከንድ ያነሰ ጊዜ ሲሆን፣ በዚያች ቅጽበት ውስጥ በ4ኬ ስክሪን ላይ ያሉት ከ8 ሚሊዮን በላይ ፒክስሎች በሙሉ ቀለማቸውን ማግኘት አለባቸው። ስለዚህ አዲስ ዘዴ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን አያስቀረውም፤ ወይ ቀደም ብሎ ተሠርቶ እንዲቀመጥ ያደርገዋል፣ ወይ ሸክሙን ወደ ሜሞሪ ያሸጋግረዋል፣ ወይ ደግሞ ዓይን በማያስተውለው ቦታ ላይ ጥራቱን ይቀንሳል። ጥሩ መሐንዲስ የሚደነቀውም ይህንን ልውውጥ በብልሃት በማድረጉ ነው። ማስታወቂያው ግን የተገኘውን ነግሮን የተከፈለውን ሲያልፈው፣ የጎደለውን ፈልጎ ማግኘት የጋዜጠኛው ድርሻ ይመስለኛል።

ጉዳዩን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ አንባቢዎች ዩክሊዲየንን አይዘነጉትም። ይህ የአውስትራሊያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ፖሊጎንን (ቅርጾች የሚገነቡባቸውን ጠፍጣፋ ባለብዙ ጎን ገጾች) ትቶ ዓለምን «አተም» ብሎ ከጠራቸው ጥቃቅን ነጥቦች እንደሚገነባ፣ የዝርዝሩም መጠን ወሰን እንደሌለው አስታወቀ፤ በቪዲዮም በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር 64 ነጥብ ጥራት አላት ያላትን የአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ደሴት አሳየ። ሂሳቡን ለመሥራት የግራፊክስ ባለሙያ መሆን አያሻም። በየአቅጣጫው በአንድ ሚሊሜትር 4 ነጥብ ካለ፣ ደሴቲቱ ዛፍና ድንጋይ የሌለባት ልሙጥ ሜዳ ብትሆን እንኳ ገጿ ብቻ 16 ትሪሊዮን ነጥብ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ባይት ብቻ ቢመደብለት (ቀለሙን በወጉ ለመያዝ እንኳ አይበቃም) 16 ቴራባይት ይሆናል፤ ይህም 50 ጊጋባይት የሚይዙ ከ300 በላይ የብሉ ሬይ ዲስኮችን ይሞላል። ታዲያ እንዴት አሳዩት? ቪዲዮውን ረጋ ብሎ ላየ ሰው መልሱ እዚያው ነበር፤ ያው ዛፍ፣ ያው ድንጋይ እየተደጋገመ ይመጣል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር እምብዛም የለም፣ ብርሃኑም አይለወጥም። የማይንክራፍት ፈጣሪ ማርከስ ፐርሶን በዚያው ዓመት ይህንኑ የሜሞሪ ጉዳይ አንስቶ በይፋ ሞግቷቸዋል። ለእያንዳንዱ ፒክስል አንዲት ነጥብ ፈልጎ የማምጣቱ ዘዴም ቢሆን አዲስ አልነበረም፤ የግራፊክስ ካርድ አምራቹ የኤንቪዲያ ተመራማሪዎች ላይነና ካራስ በ2010 ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ከነልኬቱ አሳትመው ነበር።

ለኩባንያው ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ቴክኖሎጂው በኋላ በሌዘር የተቃኙ ቦታዎችን ለማሳየት ውሏል፤ እዚያ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ዘዴው ለሥራው ተስማሚ ነው። ለአንድ ጠባብ ሥራ የሚበቃው ነገር ለሁሉም ሥራ ተብሎ መታወጁ ነበር ጥፋቱ።

ከዚህ ጋር እጅግ ዝርዝር ቅርጾችን በቅጽበት የሚያሳየውን ናናይት የተባለ ዘዴ ላነጻጽር። የጨዋታ ሶፍትዌር አምራቹ ኤፒክ ጌምስ በ2020 በፕሌይስቴሽን 5 ላይ ያሳየው ማሳያም ያላነሰ ግርግር ነበረበት፤ እኔም በወቅቱ የሰማሁት በጥርጣሬ ነው። ሆኖም በ2021 መሐንዲሶቹ ሲግራፍ በተባለው ጉባኤ ላይ አሠራሩን ከነጉድለቱ ዘርዝረው አቀረቡ፤ በመጀመሪያው እትም ቅርጻቸው የሚለዋወጥ ነገሮችን እንደማያስተናግድም አልደበቁም፤ ሶፍትዌሩንም ማንም አውርዶ በራሱ ማሽን መሞከር ቻለ። በ2023 የወጣው፣ ፎቶ የተነሳን ቦታ በብዙ ደብዛዛ ነጠብጣቦች የሚያሳየው ጋውሲያን ስፕላቲንግም እንዲሁ ከነኮዱ የቀረበ ሲሆን፣ ከቀደሙት የኒውራል (በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ) ዘዴዎች ይልቅ ብዙ ሜሞሪ እንደሚበላ ደራሲዎቹ ራሳቸው በጥናታቸው ጽፈዋል። እንዲህ ያለውን የሚያምን ሰው የሚያምንበት ምክንያት አለው።

ስመ ጥር መሆን ደግሞ ከጥያቄ ነጻ አያደርግም። በጃንዋሪ 2025 የኤንቪዲያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጄንሰን ሁዋንግ ዋጋው ያኔ 549 ዶላር የተባለው ግራፊክስ ካርድ አርቲኤክስ 5070፣ ሲወጣ 1,599 ዶላር የነበረውን የአርቲኤክስ 4090 አቅም እንደሚሰጥ በመድረክ ላይ ተናገሩ። ይህ ያለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደማይቻል እዚያው ማከላቸው እውነት ነው፤ በብዙ ርዕሰ ዜናዎች ላይ የቀረው ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ንጽጽሩ የቆመው ከአራት ፍሬሞች እስከ ሦስቱን በግምት በሚሞላ ዘዴ ላይ ነው። በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል ያለውን ለመገመት ሁለተኛው እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ስለሆነ፣ እንቅስቃሴው ለዓይን ቢለሰልስም ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን የሚያገኘው ምላሽ በዚያው ልክ አይፈጥንም። ካርዱ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ የተደረጉት ገለልተኛ ፍተሻዎችም ያለዚህ ዘዴ ከ4090 በእጅጉ እንደሚያንስ አሳይተዋል።

ተጠራጣሪ ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ተመራማሪው ተርነር ዊትድ በ1980 ባሳተመው ጥናት ውስጥ አንዱን ምስል በሬይ ትሬሲንግ (የብርሃን ጨረሮችን ጉዞ ተከትሎ ቀለምን በሚያሰላ ዘዴ) ለማውጣት 74 ደቂቃ ፈጅቶበት ነበር፤ ዘዴው በቅጽበት እንደሚሠራ የሚያልም ሰው ለብዙ ዓመታት ሲሾፍበት ኖሮ፣ በ2018 ለዚሁ የተሠራ ክፍል ያላቸው ካርዶች ለሸማች ቀረቡ። እዚያም ቢሆን ለአንድ ፒክስል የሚላኩት ጨረሮች ጥቂት በመሆናቸው የቀረውን ጉድፍ የሚያጠራው ሌላ ስልት ነው።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ዘጋቢያችሁ ወደ ኩባንያው ተመልሶ የካርዱን ስም፣ የአንዱን ፍሬም ጊዜ በሚሊሰከንድ፣ የተያዘውን ሜሞሪ፣ በማሳያው ውስጥ የሚንቀሳቀስና ብርሃኑ የሚለወጥ ነገር መኖሩን፣ እንዲሁም ከኩባንያው ውጭ የሞከረው ሰው መኖር አለመኖሩን ቢጠይቅና መልሱን ብታወጡልን በቂ ነው። መልስ ከተከለከለም መከልከሉን ራሱን ብታትሙት ለአንባቢ ይጠቅማል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓምዱ የዘወትር አንባቢ