«ቫይረስ በላው» የተባለው ፋይል ደህና ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጠበብ ያለች የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ጠዋት ደንበኛ እስኪመጣ ጋዜጣችሁን አነባለሁ። ዛሬ ደግሞ እኔ ልጻፍ አልኩ።

ጉዳዬ የአማርኛ ጽሑፍ ፋይል ነው። ሰዎች ደህናውን ፋይል ይዘው ይመጡና «ተበላሽቷል፣ እንደገና ተይቢልኝ» ይሉኛል። ክፍያዬ በገጽ ነው። ዝም ብዬ ብተይብ የሚጠቀመው የራሴ ኪስ ነው። ግን አንጀቴ እሺ አይልም። ሻይ እስኪፈላ ለሚያልቅ ሥራ ሰው ለምን የሳምንት አስቤዛውን ይከፍላል?

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ከስልክ ነው። አንዱ በስልኩ ይጽፋል። ቴክስት ፋይል አድርጎ በቴሌግራም ይልካል። ሌላው ኮምፒውተር ላይ በወርድ ይከፍተዋል። ከዚያ ጉድ ይፈላል። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ገጹን የሞሉት ጭረት፣ ቆብና ነጥብ አናታቸው ላይ የተደረደረባቸው የፈረንጅ ፊደላት ናቸው። «ቫይረስ በላው» ይባላል። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼም ይህንኑ ይላሉ፣ ይቅር ይበላቸው።

ባለፈው ክረምት አንድ የእድር ጸሐፊ እንዲህ ያለ ፋይል ይዘው መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ፋይሉ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ሌላ ቤት ወስደውት «ከረቂቁ እንደ አዲስ ይጻፍ» ተብለዋል። ረቂቅ ግን የለም። ልጃቸው በቀጥታ ስልኩ ላይ ነው የጻፈው፣ ስልኩንም ቀይሯል። ጠቅላላ ጉባኤው እሁድ ነው። ላብ ላብ ብሏቸዋል። ፍላሹን ሰክቼ ስከፍተው ከላይ እስከ ታች አንዲት ፊደል ትመላለሳለች። ትንሿ የእንግሊዝኛ ኤ ናት፤ አናቷ ላይ ጭረት አለባት። «ጋሼ፣ አይዞዎት፣ ደንቡ አለ» አልኳቸው። አላመኑኝም።

የዚች ጭረታም ኤ ነገር ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ልቆይበት። ኮምፒውተር ፊደል አያስቀምጥም፤ ቁጥር ነው የሚያስቀምጠው። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገር ሠንጠረዥ አለ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጡት አስኪ የሚባለው ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው። ለእንግሊዝኛ በቂ ነው። ለፈረንሳይና ለጀርመን ግን አልበቃም። ስለዚህ እስከ 256 ሰፋና በአዲሶቹ ቦታዎች ላይ ጭረትና ነጥብ ያለባቸው የአውሮፓ ፊደላት ገቡ። የእኛ ፊደል እዚያ ቦታ አላገኘም። ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር ለመስጠት በተሠራው ዩኒኮድ በሚባለው ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ላይ ነው።

ዛሬ ስልኮቻችን የሚጽፉት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አሠራር ነው። በዚህ አሠራር አንድ የአማርኛ ፊደል በሦስት ቁጥር ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቁጥር ለሁሉም ያው ነው፤ 225። በድሮው የዊንዶውስ የምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ ደግሞ 225 ቁጥር ላይ የተቀመጠችው ያቺ ጭረታም ኤ ናት። ወርድ ሳያጣራ በድሮው ሠንጠረዥ ሲያነበው ለእያንዳንዱ ፊደላችን እሷን ያስቀድምና ሁለት ሌላ ምልክት ያስከትላል። «አማርኛ» አራት ፊደል ስለሆነ አራት ጊዜ ትመጣለች። አራት ነጥባችን እንኳ በእሷ ነው የሚጀምረው። እንግዲህ ገጹ በእሷ ከተሞላ ፋይሉ አልተነካም ማለት ነው። ቁጥሮቹ ቦታቸው ላይ አሉ። የተሳሳተው አንባቢው ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ፣ «ሴቭ» ሳትሉ ዝጉት። ከዚያ ወርድ ውስጥ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ግቡ። ወደ ታች ወርዳችሁ ጄኔራል በሚለው ሥር፣ ፋይል ሲከፈት ስለ ዓይነቱ እንዲጠይቅ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት። ፋይሉን እንደገና ስትከፍቱ በምን ዓይነት ልክፈተው ይላችኋል። ኢንኮድድ ቴክስት በሉት። ቀጥሎ በሚመጣው መስኮት አዘር ኢንኮዲንግ የሚለውን ነክታችሁ ከዝርዝሩ ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8ን ምረጡ። ከሥር ናሙና ያሳያል። ጋሼ ያንን ናሙና ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። አንቀጽ አንድ፣ የእድሩ ስም፣ ሁሉም አለ።

ሊብረኦፊስ የምትጠቀሙ ደግሞ ስትከፍቱ ከፋይል ዓይነቶቹ ዝርዝር ኢንኮዲንግ የሚያስመርጠውን የቴክስት ዓይነት ምረጡ። ኤክሴል ላይ የአባላት ስም ዝርዝር ሲሆንም ያው ነው። ፋይሉን ሁለቴ ነክቶ ከመክፈት ይልቅ ዳታ ከሚለው ገብቶ ከቴክስት ማስመጣትና 65001 የሚለውን መምረጥ፤ የዩቲኤፍ-8 መለያ ቁጥር ነው።

ችግሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይኛ የምትማር የሰፈራችን ልጅ አለች። የማመልከቻ ደብዳቤዋን በኖትፓድ ጽፋ ወርድ ላይ ስትከፍተው ጭረታሟ ኢ በጠፋችበት ሁሉ ሁለት ምልክት ተተክቶ አገኘች። አንዱ አናቷ ላይ ማዕበል ያለባት ትልቋ ኤ ነው፤ ሁለተኛው በክብ ውስጥ ያለችው ሲ። ምክንያቱም ፈረንሳዮቹ ጭረታም ፊደላት በዩቲኤፍ-8 ሁለት ሁለት ቁጥር ነው የሚይዙት፤ ለዚች ኢ 195 እና 169። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ በሪፕሌስ አንድ በአንድ ልትቀይራቸው ጀምራ ነበር። ግን ወደ ግራ ያዘመመ ጭረት ያለባት ኤ ላይ ስትደርስ ተቸገረች። የሷ ሁለተኛ ምልክት ባዶ ቦታ ስለሚመስል በዓይን አይለይም። ለዚህ ነው በሪፕሌስ አትድከሙ የምለው። ከሥሩ በትክክለኛው ሠንጠረዥ ሲከፈት ሁሉም በአንዴ ይመለሳል።

እኛ ዳር ከተማ ያለን ደግሞ የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ብዙ ይመጣልናል። እዚያ የምትቸገረው ሁዻ ናት፤ ቃል መሀል የምትገባው ትንሿ ጭረት። ወርድ ቀጥ ያለችውን ጭረት በራሱ ጊዜ ወደ ጠማማዋ ይቀይራታል። ጠማማዋ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ቁጥር ስለሆነች በድሮው ሠንጠረዥ ስትነበብ ቆብ የደፋች ኤ፣ የዩሮ ምልክትና ትንሿ ቲኤም ሆና ትወጣለች። ማመልከቻ መሀል የዩሮ ምልክት ተሰንቅሮ ያያችሁ፣ ገንዘብ የጠየቀ ሰው የለም፤ ሁዻ ናት። መፍትሔው ያው ከላይ ያልኩት ነው።

ሁሉም ግን በዚህ አይድንም። ድሮ በዊንዶውስ 98 ዘመን የተጻፉ ፋይሎች አሉ። የጥንቶቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፊደላት የተሠሩት ዩኒኮድ ሳይስፋፋ ነው። ፊደላችንን እነዚያው የፈረንጅ ቦታዎች ላይ ነበር የሚሥሉት። ቦታው ስላልበቃም ብልሃት ተፈልጎለታል፤ አንዳንዱ ለሁለት ፎንት ከፍሎታል፣ አንዳንዱ ቅጥሉን ለብቻ ይለጥፋል። በጊዜው ትልቅ ሥራ ነው፣ አልነቅፍም። ነገር ግን ቴክስት ፋይል ፎንት አይሸከምም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቴክስት ሆኖ ሴቭ ከተደረገ በኋላ ሲከፈት ልዩ ልዩ ጭረታም ፊደላት ተቀላቅለው ይታያሉ። ያቺ ኤ በየሦስት ምልክቱ አትመላለስም። ዩቲኤፍ-8 ብትመርጡ ለውጥ የለውም። የመጀመሪያውን ፎንት ፈልጎ መጫን፣ ወይም ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ማሳለፍ ነው። የድሮ ዲስኬት ያላችሁ ፎንቱንም አብራችሁ አምጡ።

ባዶ ሳጥን ብቻ ከታየ አትደንግጡ። ፊደሉ አለ፣ እዚያ ኮምፒውተር ላይ የጎደለው ፎንት ነው። ከቪስታ እስከ 8.1 ያሉት ዊንዶውሶች ኒያላ የሚባል ፎንት ይዘው መጥተዋል፣ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ያሉት ደግሞ ኢብሪማ የሚባለውን፤ ያለውን መምረጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የሚያሳዝነኝ የጥያቄ ምልክት ነው። ገጹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ጽሑፉ የለም። አንድ ሰው ሴቭ ሲያደርግ የድሮውን ሠንጠረዥ መርጧል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ቦታ ያላገኘለትን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተክቶታል። የድሮው ኖትፓድ አንሲ በሚለው፣ ማለትም በዚያው በድሮው ሠንጠረዥ፣ ነበር የሚያስቀምጠው። ያስጠነቅቃል፣ ግን ማን ያነበዋል? ኦኬ ብሎ ማለፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ በራሱ ዩቲኤፍ-8 አድርጎ ያስቀምጣል። እኛ ሰፈር ግን አሮጌ ኮምፒውተር ሞልቷል፤ የእኔም አንደኛዋ አሮጌ ናት። ወርድም ወደ ቴክስት ስትቀይሩ የሚጠፋውን ፊደል በቀይ ያሳያችኋል። ቀይ ካያችሁ ኦኬ አትበሉ። እንዲህ የጠፋ ጽሑፍ ሲመጣ ብቻ ነው «አዎ፣ እንደገና ይተየባል» የምለው።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ለማኅበራትና ለመሥሪያ ቤቶች፦ ለሕዝብ የምትልኩትን ጽሑፍ በዩኒኮድ አድርጉልን። ዛሬም በድሮ ፎንት የተጻፈ ቅጽ ይደርሰናል፣ ሰው ደግሞ የሚቆጣው እኛ ላይ ነው። ለእናንተም ለጋዜጣው፦ ከአንባቢ በኢሜይል ጽሑፍ ስትቀበሉ በምን ዓይነት እንዲላክ በአንዲት መስመር ብትነግሩን ብዙ ሰው ያርፋል።

ለሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ አንድ የምጠይቃችሁ አለ። ፋይል ከፍቶ ለማስተካከል ስንት ታስከፍላላችሁ? እኔ የምቀበለው የአንድ ገጽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሂሳብ ነው፣ ፋይሉ ሃምሳ ገጽ ቢሆንም። በዛ ወይም አነሰ የምትሉ በዚሁ ጋዜጣ ጻፉልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የኮምፒውተር ጸሐፊ፣ ከቱሉ ዲምቱ