ሂኒ ሴት በቅሎ አይደለችም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለላሊበላ በቅሎ አከራዮች ብላችሁ ባወጣችሁት የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ላይ «ሂኒ» የሚለው ስም «ሴት በቅሎ» ተብሎ ተተርጉሟል። ስህተት ነው። ሴት በቅሎ በእንግሊዝኛ «ሞሊ»፣ ወንዱ «ጆን» ይባላል። ሂኒ ወንድም ሴትም አለ፤ ከበቅሎ የሚለየው በእናቱ ነው። አህያ ባዝራን ሰርሮ የሚወለደው በቅሎ፣ እነሱ «ሚዩል» የሚሉት ነው። ድንጉላ ፈረስ እንስት አህያን ሰርሮ የሚወለደው ደግሞ ሂኒ ነው። «ጄኒ» እንስት አህያዋ ራሷ ናት፤ ድምፁ ስለሚቀራረብ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» የሚለው ተረት ለሂኒ አይሠራም። እሷን ቢጠይቋት አባቷን ደረቷን ነፍታ ትጠራለች፤ የምትሸሽገው እናቷን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የመጣ እንግዳ ልጁን «ሂኒ» ብሎ ቢጠራ እየሰደበው አይደለም። በዚያ አካባቢ አነጋገር «ማር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ እኛ «ማሬ» እንደምንለው።

በወሎ ደጋ፣ ከወረኢሉ እስከ ደላንታ፣ የሚረባው በቅሎ እንጂ ሂኒ አይደለም። ድንጉላ ከአህያ ጋር ካላደገ እንስት አህያን እምብዛም አይፈልግም፤ ቢሰርራትም የመፀነስ ዕድሏ ዝቅተኛ ነው። የአገራችን አህያ ቁመቷ አንድ ሜትር ገደማ በመሆኑ በማህፀኗ የሚያድገው ውርንጭላ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። አሸተን ማርያም ድረስ ሰው ተሸክሞ ለሚወጣ ከብት ይህ ኪሳራ ነው። መካንነቱ ግን የሁለቱም ነው፦ ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም ሲኖራቸው በቅሎም ሂኒም 63 ይዘው ይወለዳሉ፤ ጎዶሎ ቁጥር በትክክል ስለማይጣመር፣ እጅግ ጥቂት ከሆኑ አጋጣሚዎች በቀር፣ አይወልዱም።

የሂኒ ጆሮ አጠር ይላል፤ ጋማዋና ጭራዋ ወደ ፈረስ ያደላል። ይሁንና በመልክ ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ አጭር ጆሮ ያላት በቅሎ ሞልታለች። ባለቤቱን እናቷ ማን እንደሆነች መጠየቅ ይሻላል። ካልታወቀ የሚቆርጠው ከእናት ብቻ የሚወረሰው የዘረመል ክፍል ምርመራ ነው።

እናትየዋን ማወቅ ለስም ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ባዝራ ከአህያ ስትፀንስ ደሟ የአህያን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ የውርንጭላዋን ደም የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርት ይችላል፤ ይህም በእንገሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ደህና ሆና የተወለደች የበቅሎ ውርንጭላ ያንን እንገር ከጠባች በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ትደክማለች፤ ድዷና የዓይኗ ነጭ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቷ ይጠቁራል ወይም ይቀላል። ብዙ ሰው «ቡዳ በላት» ብሎ የሚተዋት ይህችን ነው። ከዚህ በፊት በቅሎ በወለደች ባዝራ ላይ ስጋቱ ይበረታል። እንዲህ ያለች ባዝራ ስትወልድ ውርንጭላዋን ለ36 ሰዓት ያህል ከጡቷ መከልከል፣ እንገሩን በየሁለት ሰዓቱ እያለቡ መድፋት፣ ለውርንጭላዋ ግን በቅሎ ወልዳ ከማታውቅ ሌላ ባዝራ እንገር ማጠጣት ያስፈልጋል። ያለ ምንም እንገር ማቆየት ሌላ ጥፋት ነው፤ በሽታ የምትከላከልበት አቅም አይኖራትም። ምልክቱ ከታየ ጡቱን ወዲያው አስጥሎ ሐኪም መጥራት ነው።

ዝርዝሩ ሲታረም «ሂኒ»ን ጨርሶ ማውጣት ይቻላል። ላሊበላ ላይ ለእንግዳ የሚቀርበው «ሚዩል» ነው፤ ጾታውን ከጠየቀ «ሞሊ» ወይም «ጆን» ይበቃዋል።

የእንስሳት ጤናና እርባታ ባለሙያዎች
ከደሴ