ቅያሳችን ቁጥር ይሰጠው፦ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ቤታችንን እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

የአምቡላንስ ሹፌር ነበርኩ። አሥራ አራት ዓመት ነድቻለሁ፤ ባለፈው ዓመት ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ አቆምኩ። የየትኛው ድርጅት መኪና እንደነበር አልጽፍም፤ ጉዳዬ ስለ መኪናው አይደለምና። ስለ መንገድ መጨናነቅም አይደለም፤ እሱን ያላማረረ የለም። የእኔ ጉዳይ ዋናውን አስፋልት ለቀን ወደ ሰፈር ከታጠፍን በኋላ የምናባክናቸው ደቂቃዎች ናቸው።

አንዱን ሌሊት ልንገራችሁ። 9 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ጥሪው የመጣው ከከተማው ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት ራሳቸውን ስተዋል። ልጃቸው በስልክ ይመራናል፦ «በሩን እንዳለፋችሁ ሮቶው ጋ ወደ ቀኝ፣ ከዛ ሱቁን አልፋችሁ…»። ሮቶ ፈለግን፤ ሮቶ የለም። ለካ ከተነሳ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ልጁ በየቀኑ የሚያልፍበት ቦታ ስለሆነ መነሳቱን ልብ አላለውም፤ በሐሳቡ ሮቶው አሁንም እዚያው ተገትሯል። ሱቁም በዚያ ሰዓት ዝግ ነው፤ ዝግ ሱቅ ከሌላ ዝግ ሱቅ በምን ይለያል? ብሎኮቹ ቁጥር ነበራቸው፤ ግን የተጻፈው በአንድ ጎን ብቻ ነው፣ ቀለሙም በፀሐይ ነጥቷል። 18ን 13 ብዬ አነበብኩት። ያ የእኔ ጥፋት ነው።

ዞረን ዞረን በገባንበት በር ስንወጣ አንዲት ባጃጅ ከፊታችን መጣች። ሳይረናችንን ሰምታ ጥግ ይዛ አሳለፈችን። እኛ የምንፈልጋቸው አባት ባጃጇ ውስጥ ነበሩ።

ልጁ ስልኩን ማንሳት አቁሞ ነበር፤ አባቱን ደግፎ በምን እጁ ያንሳ? ነገሩን የሰማነው በማግስቱ ነው። አባትየው ተርፈዋል፤ ባጃጅ ነጂውን እስከ ዛሬ ይመርቁታል አሉ። እኛን ምን እንደሚሉን አልጠየቅኩም።

ከተማችን ስትመራ የኖረችው በምልክት ነው። ከወፍጮ ቤቱ ከፍ ብሎ፣ ከዋርካው ዝቅ ብሎ፣ ከድሮው ቀበሌ ጀርባ። የቤት ቁጥር የለንም አልልም፤ አለን። ግን 312ን ያገኘ ሰው 313ን ከጎኑ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ አያደርግም። «አዲስ» የሚባል የቤት ቁጥርም አለ። መታወቂያችን ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ተብሎ የተጻፈብን ስንቶቻችን ነን? የልጅ ልጅ ያየ ሰው ቤቱ ገና «አዲስ» ነው። ስምሪት ላይ የተቀመጠችው ልጅ «አዲስ»ን በየት በኩል አድርጋ ትፈልገው?

ቢሆንም እንደ ምንም ይሠራ ነበር። የቆየን ሹፌሮች ምልክቱን ሁሉ በጭንቅላታችን ተሸክመን እንዞር ነበርና። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ግን ያ የጭንቅላታችን ካርታ ተሰረዘ። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያን ዓይኔን ጨፍኜ አገኘው ነበር፤ ዛሬ ዓይኔን ገልጬም ቦታውን አልለየውም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ ሰፊ መንገድ ለአምቡላንስ ጸጋ ነው፤ አልክድም። ሆኖም ወፍጮ ቤቱም ዋርካውም ሲነሱ የደነገጠ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሊናገረው የሚችል አድራሻ አልተተካልንም። ከፒያሳ ተነስተው ገላን ጉራ የገቡት ሰዎች ደግሞ ባሰባቸው። ፒያሳ ሳሉ ስንቱን ነገር ጠቅሰው ቤታቸውን ያስረዱ ነበር፤ እዚያ ግን ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሌሊት ቢደውሉ «አዲሱ ሰፈር ነን» ከማለት ሌላ ምን ይበሉ?

«ጂፒኤስ አለ አይደል?» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። አለ። ግን ራይድ ጠርቶ የሚያውቅ ሁሉ ይመስክር፤ መኪናዋ ስልኩ ላይ እግሩ ሥር ደርሳ እየታየች ሹፌሩ ደውሎ «የት ጋ ነህ?» ይለዋል። ደግሞስ ልጇ የታነቀባትን እናት ሎኬሽን ላኪ ማለት ይቻላል? ስልኳም ኢንተርኔት የማታውቅ ተራ ስልክ ልትሆን ትችላለች።

ሁሉም ነገር በአድራሻ ይፈታል ማለቴ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ቦታው የጠፋበት ሰው አልነበረም። መርካቶ እንዲያውም በተራ የተከፈለች፣ በአድራሻ ከማንኛችንም የተሻለች ናት፤ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ ብለህ ትደርሳለህ። እዚያ ያስቸገረው መግባቱ ነበር፤ ሱቅ ከሱቅ ተጣብቆ ለመኪና ማለፊያ ጠፋ። እሱ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁት የእሳት አደጋ ባልደረቦች ይጻፉት። እኔ ትንሹን ልጠይቅ።

የምጠይቀው የቅያስ ቁጥር ነው። ቤት ሁሉ እንደገና ይቆጠር አላልኩም፤ ያ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ዋናውን መንገድ ለቀን ወደ ውስጥ በምንታጠፍበት በእያንዳንዱ ቅያስ መግቢያ ላይ አንዲት ቆርቆሮ ትሰቀል፣ እንደ መኪና ታርጋ፤ በመኪና መብራት የምታበራ ቀለም ትቀባ። አራት ወይም አምስት አሃዝ ይጻፍባት፤ ያ ቁጥር በከተማው ሙሉ ሌላ ቦታ አይደገም። ዝርዝሩ የእሳት አደጋው 939 እና የቀይ መስቀል አምቡላንሱ 907 ሲደወል የሚያነሱት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ፣ ፖሊስም ዘንድ 991 ላይ ይቀመጥ። (ሦስቱን ቁጥር አንድ የማድረግ ነገር ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን፤ የሰፈራችን እማማዎች አንዱንም አያውቁትም፣ የሚደውሉት ለልጃቸው ነው።) የደወለ ሰው «ቅያስ 4417» ይበል። ሮቶ ቢነሳ፣ ሱቅ ቢዘጋ፣ ዋርካ ቢቆረጥ 4417 እዚያው ናት። የአንደኛ ክፍል ልጅ ይሸመድዳታል።

ከቅያሱ መግቢያ ወደ ውስጥ ያለውን መቶ ሜትር ለጎረቤት ተዉት። ያደግኩት ገጠር ነው፤ አባቴ የቃሬዛ ማኅበር አባል ነበር። ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር አንድ ሰው ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጣራል፣ ማኅበርተኛው እርፉንም ሆነ ሞፈሩን ጥሎ ይሮጣል። የአባቴ ቀኝ ትከሻ ከቃሬዛው እንጨት የተነሳ እንደ ተረከዝ ጠንክሮ ነበር፤ ልጅ ሆኜ እየነካሁ እስቅበት ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን «የማን ቤት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም። አዲስ አበባም ውስጥ ቢሆን ቅያሱ መግቢያ ድረስ ወጥቶ በስልኩ ባትሪ የሚያበራልን ሰው ያገኘን ሌሊት ሥራችን በግማሽ ይቀል ነበር። ችግሩ እሱም የት ወጥቶ እንደሚቆም፣ እኛም የት እንደምንጠብቀው አለማወቃችን ነው።

ለኮንዶሚኒየሞች የቅያስ ቁጥር አያስፈልግም፤ የብሎኩ ቁጥር በአራቱም ጎን፣ በሰው ቁመት ልክ ሳይሆን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይጻፍ። ታች የተጻፈውን የቆመ መኪናና የተሰጣ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ዋናው በር ላይ የግቢው ንድፍ ይለጠፍ።

ስለ ብረት በሮችም አንድ ነገር። ሌባ ሲያስቸግር ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ቅያሱን በብረት በር መዝጋቱን አልነቅፍም፤ እኔም አዋጥቻለሁ። ግን ስንት ጊዜ በር ላይ ቆመን ሳይረን እያስጮህን ጥበቃው ኪዳን ሊያደርስ ሄዶ ጠብቀነዋል! ቁልፍ የያዘ ሁለተኛ ሰው ይኑር፤ ስልኩም በሩ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ለዚህ በጀት አያስፈልገውም፣ ከወረዳ የሚወርድ አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል።

ለሙከራ የሚሆን ሰፈር ከፈለጋችሁ የእኔን ሰፈር ውሰዱ። ሃያ ሦስት ቅያስ አለን፣ በእግሬ ዞሬ ቆጥሬያለሁ። ነገሩን ለእድራችን አቅርቤ ነበር፤ ዳኛው መጀመሪያ «ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው» አሉ፣ ከዚያ ግን የራሳቸው ሚስት ባለፈው ክረምት እንዴት እንደተጓጓዘች ትዝ አላቸውና ዝም አሉ። ቆርቆሮውንና ቀለሙን እድሩ ይችላል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። የሚሰቅለው ብየዳ ቤት ያለው ጎረቤታችን ነው፣ በነጻ። ቁጥሩን ግን እኛ ለራሳችን ብናወጣው ነገ ሌላው ሰፈርም ያንኑ ያወጣና ሁለት 4417 ይኖረናል። ስለዚህ ሃያ ሦስት ቁጥር ስጡን፤ ቆርቆሮው ተቆርጦ ተዘጋጅቷል።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ የአምቡላንስ ሹፌር

ግልባጭ፦
ለየኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ
ለእድራችን ጸሐፊ
ለዚያች ባጃጅ ነጂ፣ የት እንዳለ ባላውቅም