«ጉበትዎ ደህና ነው» ለሚለው መልስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ በደማቸው ቢኖርም ጉበታቸው ያልተጎዳ ሰዎች ምንም እንደማይሰማቸው የሚገልጽ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ተሸካሚውን ከመገለል ለመጠበቅ በቅን ልቡና የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም ቫይረሱን ለዓመታት ተሸክሜ የኖርሁ መምህር እንደ መሆኔ፣ አባባሉ የብዙዎችን ሕመም እንዳይሸፍን እሰጋለሁ።

የጉበቴ ምርመራ በየጊዜው ደህና ነው እየተባለ፣ እኔ ግን ስንት ዓመት ያስተማርሁት ትምህርት መሐል ላይ ይጠፋኝ ነበር፤ የፈተና ወረቀት ለማረም ስቀመጥ ሐሳቤ ይበተናል፣ ሌሊቱን ተኝቼ ባድርም ድካሙ አብሮኝ ይነሣል። ሐኪሙ «ጉበትዎ ደህና ነው፤ ጭንቀት ይሆናል» አሉኝ፤ ቤተሰቤ ደግሞ እርጅና ነው አለ። ዕድሜዬ ያኔ አርባ አራት ነበር።

የአየርላንድ እናቶችን ታሪክ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 ሾተላይን ለመከላከል በተሰጣቸው፣ በዚሁ ቫይረስ በተበከለ አንቲ-ዲ መርፌ ምክንያት የተያዙ ጤናማ እናቶች ነበሩ። ከ17 ዓመት ገደማ በኋላ 376ቱ ሲመረመሩ፣ የጉበት ሲሮሲስ (የጉበት በጠባሳ መጠንከር) የተገኘባቸው ከመቶ 2 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ ድካም እንዳለባቸው የተናገሩት ግን ከመቶ 66ቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የለንደን ጥናትም የጉበት ጉዳታቸው ቀላል በሆነ ተሸካሚዎች አንጎል ውስጥ፣ በኤምአርአይ መሣሪያ ሲለካ፣ ኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር ከሌሎች ሰዎች ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል፤ ይህም ቫይረሱ አንጎልንም ሊነካ እንደሚችል የሚጠቁም ነው። በማግሥቱ ዓመትም ትኩረታቸውና ነገርን በአእምሮ ይዞ የማሰላሰል ፍጥነታቸው መቀነሱ ተዘገበ። በአንዳንዱ ተሸካሚ ላይ ደግሞ ቫይረሱ በደም ውስጥ በሚያስከትለው የፕሮቲን መዛባት የተነሣ የእግር ነርቭ ተጎድቶ መደንዘዝና ማቃጠል ይከተላል።

ይህን ስል የሚረሳ ሁሉ ቫይረሱ አለበት ማለቴ አይደለም፤ የደም ማነስም፣ የታይሮይድ እጢ መዛባትም፣ ቫይረሱ አለብህ መባሉ ራሱ የሚያመጣው ሐዘንም ያደክማል፣ ያስረሳልም። የጠቀስኋቸው ጥናቶችም ስለ ሄፓታይተስ ሲ እንጂ ጉበትን ስለሚያጠቃው ስለ ሌላው ቫይረስ፣ ስለ ሄፓታይተስ ቢ አይደሉም፤ በእኛ አገር ግን ሁለቱም «የጉበት ቫይረስ» ተብለው፣ ሲብስም «የወፍ በሽታ» ከሚባለው ጋር ተደባልቀው ይነገራሉ።

ዛሬ በአፍ የሚወሰደው መድኃኒት በ8 ወይም በ12 ሳምንት ውስጥ ከመቶ 95 በላይ የሚሆኑትን ታካሚዎች ከቫይረሱ ነፃ ያወጣል። እኔም ከተፈወሱት አንዱ ነኝ፤ ድካሙ በእጅጉ ቀሎልኛል፣ የተማሪዎቼ ስም ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይጠፋኛል። ስለዚህ በቀጣዩ እትማችሁ ማስተካከያ እንድታወጡ፣ ሐኪሞቻችንም የጉበቱን ውጤት ካነበቡ በኋላ «እንቅልፍዎ፣ ሐሳብዎ፣ ሥራዎ እንዴት ነው?» ብለው እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደሴ