ደላላውን ተዉትና የቁጠባ ደብተራችንን እንይ

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጋዜጣችሁ ላይ የአዲስ አበባ የቤት ዋጋ በተነሳ ቁጥር ተከሳሹ አንድ ነው፤ ደላላ። እኔ ለደላላ ጥብቅና አልቆምም። አንዷን ቤት ለአምስት ሰው «ዛሬ ማታ ቀብድ ሊከፈልባት ነው» እያለ የሚያሯሩጠውን አውቀዋለሁ፤ እኔንም አሯሩጦኛል። ግን ደላላ የዛሬ ሃያ ዓመትም ነበር፤ ያኔም ይዋሽ ነበር። ያኔ የሚዋሸው መኖሪያ ለሚፈልግ ሰው ነው። ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚዋሸው ብሩን የት እንደሚያስቀምጥ ግራ ለገባው ሰው ነው። ይህኛው ደግሞ ለማሳመን ብዙም አያስቸግርም።

እስቲ ወደ 2005 እንመለስ። ለ20/80 ኮንዶሚኒየም (20 በመቶውን ገዢው ቆጥቦ፣ 80 በመቶውን በባንክ ብድር ለሚከፍልበት) ምዝገባ ሲካሄድ ባለ አንድ መኝታ የፈለገ ሰው በወር 274 ብር ንግድ ባንክ እንዲቆጥብ ተነገረው። ሰውም ተሰልፎ ተመዘገበ፣ ቆጠበም። ብዙዎቹ እስካሁን ይጠብቃሉ። የቁጠባ ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ዝቅተኛው 7 በመቶ ሆነ። በ2014 ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። እንግዲህ ሂሳቡን ሥሩት፤ መቶ ሺህ ብር ያስቀመጠ በዓመቱ 107 ሺህ ይዞ ሲመጣ፣ በመቶ ሺህ ይገዛው የነበረው ዕቃ 130 ሺህ ገብቶ ይጠብቀዋል። ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። ለሰፈራችን ባለ ሱቅ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶታል። «ብር አታስቀምጥ፣ ይበላሻል» ይላል፣ ስለ ቲማቲም የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ታዲያ ምን ላይ ይቀመጥ? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ባዶ መሬት ገዝቶ ማስቀመጥ በሕግ አይቻልም። ዶላር ከጥቁር ገበያ ገዝቶ ማስቀመጥም ያሳስራል። የአክሲዮን ገበያው ገና በጥር 2017 ነው የተከፈተው። የቀረው ወርቅ፣ መኪና፣ ቤት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ትርፉን፣ ከአረብ አገር የተመለሰችው እህት የስንት ዓመት ላቧን፣ እቁብ የደረሰው እቁቡን፣ (ጉቦ የበላው ደግሞ የበላውን) ይዘው አንድ በር ላይ ተገናኙ። ይህ ሁሉ ሰው ማደሪያ አጥቶ አይደለም። አብዛኛው ብሩ ማደሪያ አጥቶበት ነው።

እዚህ ላይ ቤት ከሌላው ሸቀጥ የሚለይበትን ነገር ልብ በሉልኝ። ሽንኩርት ሲወደድ ሰው ኪሎውን ትቶ ግማሽ ኪሎ ይገዛል። ቤት ሲወደድ ግን «ነገ ደግሞ ይብሳል» ብሎ ይሮጣል፣ ይበደራል፣ መኪናውን ይሸጣል። ዋጋ መጨመሩ ራሱ ገዢ ይጠራል። የሪል ስቴት ሻጮችም ይህንን ጠባያችንን ስላወቁ ነው ቲክቶክ ላይ «ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ብቻ» የሚሉን። አንድ የማውቀው ልጅ በእንዲህ ያለ ዓርብ ቅድሚያ ክፍያ ከፈለ። የከፈለው ለወረቀት ነው፤ ቤቱ የለም፣ መሠረቱም አልተቆፈረም። በቀጣዩ ወር ያው ዋጋ እዚያው ነበረ፣ እንዲያውም ኪችን ካቢኔት በነጻ ተጨምሮበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን የሚለቅመውም አላገኘም፣ ውሉ ላይ የማስረከቢያው ጊዜ ካለፈ ቆየ።

እኔ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የብሎካችን ኮሚቴ አባል ነኝ። ለጥበቃና ለውሃ ፓምፕ መዋጮ ስለምሰበስብ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ አውቃለሁ። ቁልፍ ከተረከቡ ጀምሮ ተከፍተው የማያውቁ ቤቶች አሉ። የአንደኛው በር ላይ ፋብሪካው የለጠፈው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም፣ ፀሐይ መትቶት እየተፈረፈረ ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፤ ስልክ የሚያነሳው ወንድሙ ነው። ለምን አታከራዩትም ስለው ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ተከራይ ግድግዳ ያቆሽሻል፣ ያልተኖረበት ቤት ሲሸጥ ዋጋ ያወጣል። ኪራዩ ደግሞ ምን አላት?» መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው ግን ልክ ነው፤ ለእሱ ልክ ነው። ቤቱ ተቆልፎም ይጨምርለታል። ሁለት ብሎክ አልፎ ደግሞ ሦስት ልጆች ያሏት ሴት ሰርቪስ ክፍል ተከራይታ ሽንት ቤት ከሌሎች ጋር ትጋራለች። ቤት አነሰ የምንለውን ያህል፣ ያለውም ተቆልፏል።

የዶላሩም ነገር አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ባንክ አንዱን ዶላር በ57 እና 58 ብር አካባቢ ሲመነዝር ጥቁር ገበያው ከመቶ በላይ ይሰጥ ነበር። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ወገናችን በጥቁር ገበያ መንዝሮ ሲገዛ ቤቱ በብር ውድ፣ በዶላር ግን ርካሽ ነበር። እሱ አልተከራከረም፣ ሻጭም ይህንን ለመደ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ባንኩም በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ ያኔ ቤት ያለው ሁሉ ዋጋውን በዶላር እያሰበ በብር መናገር ጀመረ። ፌሮው፣ ሊፍቱ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ለአዲስ ግንባታ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን በ2000 አካባቢ ተሠርቶ ያለቀ ኮንዶሚኒየም ምን ዶላር አለበት? ፌሮው ያኔ ተገዝቶ ግድግዳ ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ብዙ ሰው «ገበያው ቀዝቅዟል» ይላል። እውነት ነው፣ ደላሎቹም ካፌ ቁጭ ብለው ነው የሚውሉት። ታዲያ ዋጋው ለምን አልወረደም? ለእኔ ዋናው ነገር ይህ ነው፣ ጋዜጦች ግን ብዙም አያነሱትም። ሌላ አገር ቤት የሚገዛው በባንክ ብድር ነው። ባለቤቱ መክፈል ሲያቅተው ባንኩ ያስሸጠዋል፣ ዋጋም ይወርዳል። እኛ ጋ ከሰው ላይ የሚገዛው ቤት ባብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ነው። ማንም አያስገድደውም። ገዢ ሲጠፋ ሻጩ ማስታወቂያውን አንስቶ ቤቱን ይቆልፍና ይጠብቃል። «ጎረቤቴ በዚህ ሸጧል፣ ከዚያ በታች አልሸጥም» ይላል፤ ጎረቤቱ በእውነት በስንት እንደሸጠ ግን አያውቅም። ስለዚህ ገበያ ሲቀዘቅዝ የሚቀንሰው የሚሸጠው ቤት ቁጥር ነው፣ ዋጋው አይደለም።

ደሞዝ ከዚህ ገበያ የወጣው ድሮ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው ጭማሪ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ 11,500 ብር ያገኛል። አምስት ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ቢበደር በወር የሚከፍለው ወደ 73 ሺህ ብር ነው። ባልና ሚስት፣ አማትና አማች ተደምረውም አይደርሱበትም። በአምስት ሚሊዮን ደግሞ ዛሬ ምን እንደሚገኝ ሄዳችሁ ጠይቁ። ለቤት ብድር የቆመው የቀድሞው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ መጀመሪያ ስሙ ተቀየረ፣ ኋላ በ2008 ንግድ ባንክ ውስጥ ገባ። በ2014 ሥራ የጀመረው ጎህ ቤቶች ባንክ ጥሩ ጅምር ነው፤ ለዚች ከተማ ግን አንድ ባንክ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ስለ ኪራይም ትንሽ ልበል። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ያዳናቸው ተከራዮችም አሉ። ነገር ግን አከራዩ ለሁለት ዓመት እንደፈለገ መጨመር እንደማይችል ሲያውቅ የሁለቱን ዓመት ጭማሪ መጀመሪያውኑ ይጭናል። ወይም አንድ ዋጋ ለወረቀት፣ አንድ ዋጋ ለአፍ ይሆናል። ተከራዩ ለምን ይስማማል? ከኋላው ሌላ ሰው ስለቆመ ነዋ! በተለይ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ፣ ደባል ሆኖ ይኖር የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ክፍል ፍለጋ ሲወጣ ጉዱ ታይቷል።

በሰኔ 2017 ለውጭ ዜጎች ቤት የተፈቀደበት አዋጅ ላይ ግን ከብዙዎች እለያለሁ። ዝቅተኛው 150 ሺህ ዶላር ነው፤ ያ ገዢ የካ አባዶ አይመጣም። የሚጎዳን ወሬው ነው። አዋጁ ከጸደቀ በኋላ የእኛ ብሎክ ሻጭ ሳይቀር «ፈረንጅ ሊገዛ ነው» ማለት ጀምሯል። በአራተኛ ፎቅ፣ ያለ ሊፍት፣ ውሃ በፈረቃ እየመጣ!

መንግሥት ምን ያድርግ ለሚለው ብዙ ሰው ጽፏል፣ መሬት በብዛት ያቅርብ የሚለውንም እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ሁለት ነገር ነው። በጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ሲተገበር የተቆለፈ ቤት ላይ ጠንከር ይበል፤ ጡረተኛዋ እናት በምትኖርበት ቤት ላይ ደግሞ ይለዝብ። አሁን እንደምፈራው ሁለቱም እኩል ከተከፈለባቸው የቆለፈው ምንም አይሰማውም፣ የምትኖርበት ግን ትሸጣለች። ሌላው የቁጠባ ወለድ ነው። የዋጋ ንረቱ ረገብ ብሏል ይባላል፤ ጥሩ፣ እንግዲያው ቆጣቢ የማይከስርበት ወለድ ይሰጠን። ብሩ ባንክ ተቀምጦ ካልተበላሸ ግማሹ ሰው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ቤት አይሯሯጥም ብዬ አምናለሁ።

ከእናንተ ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በዚህ ከተማ ቤት በስንት እንደተሸጠ የሚያውቅ የለም። ውል ላይ የሚጻፈው ለግብር ተብሎ ዝቅ ይላል፣ አፍ ላይ የሚወራው ለኩራት ተብሎ ከፍ ይላል፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው የሻጭ ምኞት ነው። ኮንዶሚኒየም በሕግ መሸጥ የሚፈቀድበት አምስት ዓመት ሳይሞላው በውክልና ሲሸጥማ ጭራሽ ወረቀትም የለው። ገዢው በጨለማ ነው የሚደራደረው። የዶላርና የጤፍ ዋጋ ይታተማል አይደል? በየሳምንቱ ጥቂት ሰፈሮችን መርጣችሁ፣ የሻጭና የገዢን ስም ትታችሁ፣ አንድ ካሬ በስንት ተጠየቀ በስንትስ ተከፈለ የሚለውን ጎን ለጎን ብታወጡት ትልቅ ነገር ነው። የእኛን ብሎክ እኔ ልኬ አሳውቃችኋለሁ፤ ባለፈው ወር የተሸጠው ባለ ሁለት መኝታ ከተጠየቀው ስንት ወርዶ እንደሄደ ቢሰሙ ሌሎቹም ሻጮች ትንሽ ይረጋጉ ነበር።

አንባቢያችሁ፣ ከየካ አባዶ